አጥንትና ጅማት ከጉዳት በኋላ፦ ጫናን በልክ የመመለስ ዝርዝር መመሪያ

ጀሶው በመጋዝ ተሰንጥቆ ሲወልቅ እጄን አላወቅሁትም። ቆዳው ተላልጧል፣ ጡንቻው ሟሙቷል፤ ክንዴ የልጅ ክንድ አክሏል። ሐኪሙ ራጁን መብራት ላይ ሰክቶ አየና «አጥንቱ ይዟል» አለኝ። እኔ ግን «ድኗል» ብዬ ሰማሁት። በማግስቱ ውኃ የሞላ ባልዲ በዚያው እጅ አነሣሁ። አንጓዬ አብጦ ሦስት ሳምንት ሙሉ ቁልፍ መጠምዘዝ አቃተኝ።

በ«ይዟል» እና በ«ድኗል» መካከል ወራት አሉ። ይህ መመሪያ የሚመለከተው እነዚያን ወራት ነው። የተሰበረን አጥንት ማቃናትና ማሰር የሐኪም ሥራ ነው፤ በተጎዳው እግር መቼ መርገጥ፣ በተጎዳው እጅ መቼ ማንሣት እንደሚቻል የሚፈቅደውም ያከመዎት ሐኪም ነው። ከዚያ ፈቃድ በኋላ ያለው የዕለት ተዕለት ውሳኔ ግን በአብዛኛው በእርስዎ እጅ ይወድቃል። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚያ ላይ ነው፤ አንዱ ፈርቶ ጨርሶ ሳያንቀሳቅሰው ይቀራል፣ ሌላው እንደኔ ባልዲ ያነሣል።

1. የተጎዳው ምን እንደሆነ በትክክል ይጠይቁ

እዚህ ላይ አማርኛችን ትንሽ ያደናግራል። ጡንቻን ከአጥንት ጋር የሚያያይዘውንም፣ አጥንትን ከአጥንት ጋር የሚያያይዘውንም «ጅማት» እንላለን፤ ነርቩንና የደም ሥሩን ሳይቀር በዚሁ ስም የሚጠራ አለ። እኔ የመጀመሪያውን የጡንቻ ጅማት፣ ሁለተኛውን የመገጣጠሚያ ጅማት እላለሁ። ባትን ከተረከዝ ጋር የሚያገናኘው ወፍራም ገመድ የጡንቻ ጅማት ነው። ቁርጭምጭሚት ወለም ሲል የሚጎዳው ደግሞ የመገጣጠሚያ ጅማት ነው።

ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም። አጥንት ብዙ ደም ያገኛል፤ ሲጠገንም በጠባሳ ሳይሆን በራሱ በአጥንት ነው፤ በሰውነታችን ውስጥ እንዲህ የሚያደርግ ክፍል ጥቂት ነው። ጅማት ግን የሚጠገነው በጠባሳ ነው። ጠባሳው ከጊዜ ጋር ይጠነክራል፣ የመጀመሪያውን ጅማት ግን ሙሉ በሙሉ አይተካም። በመገጣጠሚያ ላይ አጥንቱን የሚሸፍነው ልም አጥንት ጭራሹን የደም ሥር የለውም፤ እንደ ስፖንጅ ሲጨመቅና ሲለቀቅ ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ምግቡን ይስባል፤ አንዴ ከተጎዳም በቀላሉ አይመለስም።

በአንድ ዓይነት አካል ውስጥም ቢሆን ቦታው ለውጥ ያመጣል። በእጅ አንጓ ውስጥ ያለችው ስካፎይድ የምትባል ትንሽ አጥንትና የጭን አጥንት አንገት ደም የሚደርሳቸው በጠባብ መንገድ ስለሆነ ስብራታቸው ብዙ ጊዜ ያስቸግራል። በጉልበት ውስጠኛ ጎን ያለው የመገጣጠሚያ ጅማት ሲቀደድ በአብዛኛው ያለ ቀዶ ሕክምና ይገጥማል። በዚያው ጉልበት መሐል ያለው የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት ግን ሲበጠስ ጫፎቹን የሚያገናኘው የረጋ ደም በመገጣጠሚያው ፈሳሽ ውስጥ ስለማይጸና ብዙውን ጊዜ ሳይገናኝ ይቀራል። ስለዚህ «ጅማትህ ተጎድቷል» ተብለው ብቻ ከሐኪም ቤት አይውጡ። የትኛው? ተለጠጠ፣ ተቀደደ ወይስ ተበጠሰ?

2. ጥገናው የት እንደደረሰ ይወቁ

አጥንት ሲሰበር በስብራቱ ዙሪያ ደም ይረጋል። በዚያ የረጋ ደም ውስጥ ብግነት ይነሣል፤ ሙቀቱና እብጠቱ የጥገናው መጀመሪያ ነው። በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ክፍተቱን ለስላሳ ድልድይ ይሞላዋል። ከዚያ ድልድዩ ካልሲየም እየተሞላ ይጠነክራል፤ በአዋቂ ሰው ይህ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይወስዳል። በመጨረሻ የተጠራቀመው ትርፍ አጥንት እየተላገ ቅርጽ ይይዛል፤ ይህ ደግሞ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይፈጃል።

ቅደም ተከተሉ እንዲሁ የመጣ አይደለም። ገና የተፈጠረው ለስላሳ ሥጋ ርዝመቱ እጥፍ እስኪሆን ቢለጠጥም አይሞትም። ልም አጥንት 10 በመቶ ያህል ይችላል። አጥንት ግን ከ2 በመቶ በላይ ከተለጠጠ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ሰውነት መጀመሪያ የሚለጠጠውን ያስገባል፤ ያ ንቅናቄውን ሲቀንስለት ጠንከር ያለውን፣ በመጨረሻም አጥንቱን ይተካል። ስብራቱ በጥቂቱ ቢነቃነቅ ድልድዩ ይወፍራል፤ ከልክ በላይ ከተነቃነቀ ግን ሥራው ለስላሳው ደረጃ ላይ ቆሞ ይቀራል። ጀሶና ብረት የሚያስፈልጉት ለዚህ ነው።

የአጥንት ሐኪሞች ለአዋቂ የሚጠቀሙበት አንድ የቆየ ስሌት አለ። የላይኛው አካል ጠመዝማዛ ስብራት በ3 ሳምንት ይይዛል፤ እስኪጠነክር እጥፍ፣ 6 ሳምንት። የእግር ከሆነ እንደገና እጥፍ፣ 12። ስብራቱ ቀጥ ብሎ አግድም የተቆረጠ ከሆነ እንደገና እጥፍ፣ 24። በልጅ ግማሹን ያህል ይውሰዱ። ግምት ነው፤ ነገር ግን የቅልጥም ስብራት ያጋጠመውን ሰው «በወር ተኩል ትሮጣለህ» ከሚል ወዳጅ ይጠብቃል።

ከቀን መቁጠሪያው የሚሻሉ ምልክቶች አሉ፤ ቦታው ሲጫኑት አያምም፣ ሲረግጡበት አያምም፣ በሁለት አቅጣጫ በተነሣ ራጅ ላይ ከሚታዩት አራት የአጥንት ጠርዞች ቢያንስ ሦስቱ ተገናኝተዋል።

የጅማት ጥገና በራጅ አይታይም። የመጀመሪያዎቹ ቀናት የብግነት ናቸው። ከዚያ እስከ ስድስተኛው ሳምንት ገደማ ኮላጅን ከተባለ ፕሮቲን የተሠሩ ቀጫጭን ክሮች እንደተበተነ ጭድ በየአቅጣጫው ይጣላሉ። ቀስ በቀስ ወፍራሞቹ ክሮች ይተኳቸውና ወደሚጎተቱበት አቅጣጫ ይሰለፋሉ፤ ይህ ከዓመት በላይ ሊሄድ ይችላል። ክሮቹ በየት በኩል መሰለፍ እንዳለባቸው የሚያውቁት በመጎተት ነው። ምንም ካልጎተታቸው እንደተበተኑ ይቀራሉ።

3. ያልታሰረውን ሁሉ ያንቀሳቅሱ

እጅዎ በጀሶ ካለ ጣቶችዎን፣ ክርንዎንና ትከሻዎን በየሰዓቱ ያንቀሳቅሱ። እግርዎ ከታሰረ የእግር ጣቶችዎን፣ ጉልበትዎንና ዳሌዎን። ሐኪሙ ካልከለከለ በጀሶው ውስጥ ጡንቻውን ወጠር አድርገው ለአምስት ሰከንድ ይያዙና ይልቀቁ።

ይህ ጊዜ ማሳለፊያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በዝንጀሮዎች ላይ በተደረገ ጥናት ለ8 ሳምንት የታሰረ ጉልበት የፊተኛው መስቀለኛ ጅማቱ ከጥንካሬው ከሲሶ በላይ አጥቶ ተገኘ፤ ጅማቱ ጤነኛ ነበር፣ የተደረገበት ነገር መታሰሩ ብቻ ነው። ከተፈታ በኋላም ወደ ቀድሞው ለመቅረብ አንድ ዓመት ያህል ፈጀበት። ማጣቱ በሳምንት፣ ማግኘቱ በወር ይቆጠራል።

4. የመጀመሪያውን ጫና በሚዛን ይለኩ

ሐኪሙ «20 ኪሎ ድረስ ርገጥ» ሲል ማንም ሰው 20 ኪሎ ምን እንደሚመስል በእግሩ አያውቅም። የሰውነት መመዘኛ ሚዛን ይፈልጉ። በሁለት ክራንች ይቁሙ፤ ጤነኛውን እግር ከሚዛኑ ጋር እኩል ከፍታ ባለው ነገር ላይ፣ የተጎዳውን ሚዛኑ ላይ ያድርጉ። መርፌው 20 እስኪደርስ ቀስ ብለው ይጫኑ። ዓይንዎን ጨፍነው ይድገሙት፣ ገልጠው ያረጋግጡ። ብዙ ሰው መጀመሪያ ላይ 20 ነው ብሎ የሚጫነው ከዚያ በልጦ ያገኘዋል። ስሜቱን እስኪያውቁት ለጥቂት ቀናት ጠዋት ጠዋት ይለማመዱት። ለእጅም ይሠራል፤ ሚዛኑን ጠረጴዛ ላይ አድርገው በመዳፍዎ ይጫኑት።

የተፈቀደልዎ መጠን ሲጨምር ክራንቹን በአንድ ቀን አይጣሉት። ከሁለት ወደ አንድ ሲወርዱ አንዱን የሚይዙት ከጤነኛው እግር ጎን ነው። ብዙ ሰው በተቃራኒው ይይዘዋል።

5. ፍርዱን ለማግስቱ ጠዋት ይተዉት

ጡንቻ ወዲያው ይናገራል፤ አጥንትና ጅማት ግን መልሳቸው የሚሰማው ዘግይቶ ነው። እንቅስቃሴ ሲያደርጉ ሰውነት ይሞቃል፣ ሕመሙ ይደበዝዛል፤ «ዛሬ ተሽሎኛል» ብለው ይጨምራሉ፣ በማግስቱ ከአልጋ ሲወርዱ የመጀመሪያው እርምጃ እውነቱን ይነግርዎታል።

ትንሽ ደብተር ይያዙ። ከ0 እስከ 10 ባለው መለኪያ ሦስት ቁጥር ይጻፉ፤ በእንቅስቃሴው ወቅት፣ ማታ፣ በማግስቱ ጠዋት። ለጡንቻ ጅማት ሕመም በዚህ መለኪያ የሚሠሩ ባለሙያዎች በእንቅስቃሴው ጊዜ እስከ 5 ይፈቅዳሉ፤ ዋናው በማግስቱ ወደ ነበረበት መመለሱ ነው። እኔ 3 ላይ ማቆምን እመርጣለሁ፤ ሕመምን መቁጠር የሚችል ሰው ሁሉ በሐቀኝነት አይቆጥርምና። የጠዋቱ ቁጥር ከትናንት ጠዋቱ ከበለጠ ጫናውን ወደ ቀድሞው ይመልሱ፤ ሙሉ በሙሉ ግን አያቁሙ። በስብራት ቦታ ላይ ሕጉ ጥብቅ ነው፤ አጥንቱ ራሱ ሊያም አይገባም። የተዘጋ መገጣጠሚያ ሲከፈት የሚሰማው መወጠር ሌላ ነገር ነው።

6. ጅማትን በከባዱ፣ ግን በዝግታ ያሠሩት

ስዊድናዊው ቀዶ ሐኪም ሆካን አልፍሬድሰን ራሱ የተረከዝ ጅማት ሕመምተኛ ነበር። አለቃው ቀዶ ሕክምና አላደርግልህም ስላለው ጅማቱ ቢበጠስ እንኳ ግድ የለኝም ብሎ ሕመሙን እያባሰ ከባድ ልምምድ መሥራት እንደጀመረ ይነገራል። ጅማቱ ግን በመበጠስ ፈንታ ዳነ። እ.ኤ.አ. በ1998 ይህንኑ ልምምድ በ15 ሯጮች ላይ ሞክሮ ውጤቱን አሳተመ፤ ከ12 ሳምንት በኋላ ወደ ሩጫቸው ተመለሱ።

ልምምዱ ይህ ነው። የእግርዎን የፊት ግማሽ በደረጃ ጠርዝ ላይ ያድርጉ፣ ተረከዝዎ በአየር ላይ ይሁን፣ ግድግዳ ይደገፉ። በሁለቱም እግር ወደ ላይ ይነሡ። ክብደትዎን ወደታመመው እግር ያዙሩና ተረከዝዎ ከደረጃው በታች እስኪሆን ቀስ ብለው ይውረዱ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለው እየቆጠሩ። ለመነሣት ጤነኛውን እግር ይጠቀሙ። ጉልበት ቀጥ ብሎ 15 ጊዜ በ3 ዙር፣ ጉልበት ትንሽ ታጥፎ 15 ጊዜ በ3 ዙር፤ ይህ በቀን ሁለት ጊዜ ለ12 ሳምንት። ሲቀልዎ በጀርባ ቦርሳ መጻሕፍት ይጨምሩ። ሕመሙ ጅማቱ ከተረከዝ አጥንቱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ከሆነ ግን ከደረጃው በታች አይውረዱ፤ ወለል ላይ ይሥሩት፤ ወደ ታች ሲለጠጥ ጅማቱ አጥንቱ ላይ ይጫናልና።

በቀን 180 ጊዜ ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር ለብዙ ሰው አሰልቺ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ንጽጽር በሳምንት ሦስት ጊዜ ብቻ፣ በከባድ ክብደት፣ አንዱን ለ6 ሰከንድ እየጎተቱ የሚሠራው ልምምድ ተመሳሳይ ውጤት እንዳለው አሳይቷል። እኔ የማደላው ለዚህኛው ነው። ጅማት ከከባድ ሥራ በኋላ በመጀመሪያው ቀን የሚያፈርሰው ኮላጅን ከሚሠራው ይበልጣል፤ ግንባታው የሚያመዝነው ከዚያ በኋላ ሲሆን እስከ ሦስተኛው ቀን ይቀጥላል። ከባዱን ሥራ ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ ማድረግ ከዚህ ጋር ይስማማል። በመካከል ያሉት ቀናት የእግር ጉዞ ናቸው።

ለምን ይህን ያህል ይዘገያል? እ.ኤ.አ. ከ1955 እስከ 1963 በተደረጉት የኑክሌር ሙከራዎች አየሩ ካርቦን 14 በተባለ ጨረራማ ካርቦን ተሞልቶ ነበር፤ ይህ በምግብ በኩል ወደ ሰውነት ስለገባ የአንድ አካል ሥጋ መቼ እንደተሠራ ያሳብቃል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የዴንማርክ ጥናት በዚያ ዘመን ያደጉ ሰዎችን የተረከዝ ጅማት መርምሮ የጅማቱ እምብርት የተሠራው ዕድሜያቸው 17 ዓመት ገደማ እስኪሆን ድረስ ባለው ጊዜ እንደሆነና ከዚያ በኋላ እንዳልታደሰ አገኘ። የዛሬው ተረከዝዎ የሚጎትተው ገመድ የአፍላነትዎ ገመድ ነው። ጡንቻዎ በሁለት ወር ሲፈረጥም ገመዱ እኩል አብሮት አይሄድም፤ ክብደት ሲጨምሩ የሚጠይቁት ጡንቻውን ሳይሆን ገመዱን ይሁን።

7. አጥንትን በአጭር በአጭሩ ያስደንግጡት

ጀርመናዊው ሐኪም ዩሊየስ ቮልፍ እ.ኤ.አ. በ1892 አጥንት ቅርጹን በሚሸከመው ጫና ልክ እንደሚለውጥ ጻፈ። ዛሬ መንገዱ በተሻለ ይታወቃል። በአጥንት ውስጥ የተቀበሩ ሕዋሳት አሉ፤ አጥንቱ በትንሹ ሲጎብጥ በቀጫጭን ቦዮች ውስጥ ያለው ፈሳሽ ይንቀሳቀሳል፤ እነርሱም ያንን ሰምተው አፍራሽና ገንቢ ሕዋሳትን ያዝዛሉ። ቴኒስ ተጫዋቾች በሚመቱበት ክንድ የአጥንቱ ቅርፊት ከሌላው ክንድ በሲሶ ያህል ወፍሮ ተገኝቷል፤ ሰውዬው አንድ፣ ምግቡ አንድ፣ ልዩነቱ ምቱ ብቻ ነው። በተቃራኒው ጠፈርተኞች በወር ከዳሌ አጥንታቸው ጥግግት ከ1 እስከ 1.5 በመቶ ያጣሉ። ዋናና ብስክሌት ለልብ ጥሩ ናቸው፤ አጥንት ግን ከሁለቱም ብዙ አይሰማም።

ብዛት ግን አያስፈልገውም። እ.ኤ.አ. በ1984 ሩቢንና ላንየን የተባሉ ተመራማሪዎች በወፍ ክንፍ አጥንት ላይ እንዳሳዩት በቀን 4 ጊዜ መጫን አጥንቱ እንዳይሳሳ በቃ፤ 36 ጊዜ አወፈረው፤ 1,800 ጊዜ ግን ከ36ቱ የበለጠ አላደረገለትም። አጥንት ቶሎ ይሰለቻል። በአይጥ ላይ የተደረጉ ጥናቶች መስማቱን መልሶ የሚያገኘው 8 ሰዓት ያህል ካረፈ በኋላ እንደሆነ ያሳያሉ። ስለዚህ ስብራቱ ሙሉ በሙሉ ጠንክሮ ሐኪም ዝላይ ሲፈቅድ፣ ጠዋት 10 አጭር ዝላይ፣ ማታ 10፣ በየመካከሉ 10 ሰከንድ ያህል ቆም እያሉ መጀመር ከአንድ ሰዓት ሩጫ ይሻላል። አጥንቱ የሳሳበት ሰው ግን ዝላይንም ሆነ ከባድ ክብደትን ብቻውን አይጀምር፤ አጥንታቸው የሳሳ፣ የወር አበባ የቆመባቸው ሴቶች በሳምንት ሁለት ቀን፣ 30 ደቂቃ ከባድ ክብደት እያነሡ የጀርባ አጥንታቸው ጥግግት እንደጨመረ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት ቢያሳይም ሥራው የተከናወነው አሠልጣኝ አጠገባቸው ቆሞ ነው።

መጠኑ ምን ያህል እንደሚወስን ለማየት ከኢሊዛሮቭ የተሻለ ምስክር የለም። ይህ የሶቪየት ሐኪም በሳይቤሪያዋ ኩርጋን ከተማ አጥንት ቆርጦ ጫፎቹን በቀለበት ብረት እየሳበ አዲስ አጥንት አበቀለ፤ ፍጥነቱ በቀን 1 ሚሊ ሜትር፣ እሱም በአራት ተከፍሎ። ከዚያ ቢፈጥን ክፍተቱ አጥንት ሳይሆን ይቀራል፤ ቢዘገይ ጊዜው ሳይደርስ ይዘጋል።

አሁን ስለ አደገኛው ወር። ጫና ሲጨምር አጥንት መጀመሪያ ያፈርሳል፤ አሮጌውን ለመቦርቦር ሦስት ሳምንት ያህል፣ ጉድጓዱን ለመሙላት ግን ሦስት ወር ገደማ ይፈጅበታል። ሥልጠና በጀመረ በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት ሰውዬው ጉልበቱ ሲበረታ አጥንቱ ለጊዜው ቀዳዳ በዝቶበታል። የፕሩሲያ ጦር ሐኪም ብራይትሃውፕት በረጅም ጉዞ እግራቸው የሚያብጥ ወታደሮችን ታሪክ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1855 ነው፤ ራጅ ከመገኘቱ 40 ዓመት በፊት። በኋላ እብጠቱ የድካም ስብራት መሆኑ ታወቀ። ስለዚህ ሦስት ሳምንት ከጨመሩ አራተኛውን ሳምንት በግማሽ ያቅልሉ። በአንድ ጣት ጫፍ ሊያመለክቱት የሚችሉት፣ ሲዘሉ የሚወጋ ሕመም በቅልጥም ወይም በእግር መዳፍ ላይ ከመጣ መሮጥዎን በዚያው ቀን ያቁሙ። የመጀመሪያው ራጅ ንጹሕ ቢሆንም አይዘናጉ፤ የድካም ስብራት ብዙ ጊዜ ከሁለትና ሦስት ሳምንት በፊት በራጅ አይታይም። ኤም አር አይ ግን ቀድሞ ያሳያል።

8. ምግብ፣ ሲጋራ

ፕሮቲን በየማዕዱ፤ ለአዋቂ በቀን 1,000 ሚሊ ግራም ያህል ካልሲየም፤ በቂ ቫይታሚን ዲ። ሲጋራ የስብራትን መገናኘት ያዘገያል፤ ለማቆም ከዚህ የተሻለ ሰበብ አይገኝም። ቫይታሚን ሲ ደግሞ ኮላጅን ለመሥራት የግድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1740ዎቹ መጀመሪያ የእንግሊዛዊው የባሕር አዛዥ የጆርጅ አንሰን መርከበኞች በቫይታሚን ሲ እጦት በሚመጣው በሽታ፣ በስከርቪ ሲያልቁ፣ ከ50 ዓመት በፊት በጦርነት የቆሰለ አንድ ሽማግሌ ቁስሉ እንደ አዲስ ተከፈተ፤ ተገጣጥሞ የኖረው አጥንቱም ተፈታ። የዳነ ጠባሳም በየቀኑ ይጠገናል ማለት ነው።

9. ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም የሚወስዱ ምልክቶች

በጀሶ ውስጥ በመድኃኒት የማይበርድ፣ እየጨመረ የሚሄድ ሕመም፤ የደነዘዙ፣ የገረጡ ወይም የጠቆሩ ጣቶች፤ ይህ ሰዓታት የማይሰጥ ጉዳይ ነው። ያበጠና የጋለ ባት፣ በተለይ ትንፋሽ ካጠረ። ትኩሳት ወይም ከቁስል የሚወጣ መግል። ከኋላ የተመታ ያህል ተሰምቶ በእግር ጣት መቆም ካቃተ የተረከዝ ጅማት ተበጥሶ ሊሆን ይችላል።

10. ከጤነኛው ጎን ጋር ያወዳድሩ

መጨረሻውን የሚወስነው ስሜት ሳይሆን ንጽጽር ነው። በአንድ እግር ቆመው ተረከዝዎን ስንት ጊዜ ያነሣሉ? በአንድ እግር ምን ያህል ርቀት ይዘላሉ? የተጎዳው ከጤነኛው 90 በመቶ ያህል ሲደርስና የማግስቱ ጠዋት ጸጥ ሲል ወደ ሙሉ ስፖርት መመለስ ይቻላል። ለእጅም መጭመቂያ መለኪያ ያለው ፊዚዮቴራፒስት በአንድ ደቂቃ ይነግርዎታል።

እኔ ባልዲውን እንደገና ያነሣሁት ጀሶው በወጣ በዐሥራ አንደኛው ሳምንት ነው። ግማሹን ብቻ ሞልቼ።